የቀርከሃዋ መርከብ ተሳፋሪዎች

ሰው መሳል እንደማልችል ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ ኋላ «አታለልከን» የሚል እንዳይመጣብኝ። እኔ የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ዕጣ አውጥቼ አሶሳ ተመደብኩ፤ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» ብዬ እንደመጣሁ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። መሣሪያዬ ማስመሪያና ኮምፓስ ነው። ቤት ሳል ብትሉኝ መሠረቱን፣ ጣሪያውን፣ የፍሳሽ መውረጃውን ሳይቀር አሳያችኋለሁ። ሰው ሳል ስባል ግን ሰውየው ሁለት መስኮትና አንድ በር ያለው ሕንጻ ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ እናቴን ከፎቶዋ አይቼ ብስላት፣ ትክ ብላ አየችውና «የማን መጋዘን ነው?» አለችኝ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ኮሚክ ሥራ ብሎ ምን አነሳሳው ትሉ ይሆናል። ስልክ ነው። የዘመኑ ጥፋት ሁሉ ከስልክ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ የውጭ ኮሚክ ላከልኝ፤ በሥዕል የሚተረክ፣ የሰዎቹ ንግግር ከአፋቸው በወጣ ፊኛ ውስጥ የሚጻፍ ታሪክ። በውስጡ ያሉት ሁሉ ጥቁሮች ናቸው። ግን አይራቡም፣ አይሰደዱም፣ እርዳታ አይሰለፉም፤ ጠፈር ላይ መርከብ ይነዳሉ። ከተማቸው በኩይሳ ቅርጽ በተሠሩ ፎቆች የተሞላ ነው። አሮጊቶቹ ዶቃቸውን እንዳሰሩ ኮምፒውተር ያዛሉ።

የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ብዙ የሚያነብ ሰው ነውና ባሳየው፣ «አፍሮፊውቸሪዝም ይባላል» አለኝ። «ጥቁር ሰው ነገውንም ከሌላ ሳይዋስ በራሱ እንዲያልም ነው።»

ነገን ስንዋስ መኖራችንን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እልህ ያዘኝ። ኩይሳ ከተባለ ከእኛ ወዲያ ማን አለው? አሶሳ ውስጥ ምስጥ ያልቀመሰው የመዝገብ ቤት ወረቀት ካለ እሱ ገና ትናንት የተጻፈ ነው። ቀርከሃው አለ፣ ወርቁ አለ፣ ማንጎውማ ግንቦት ላይ መንገድ ላይ ወድቆ ባጃጅ ያንሸራትታል። የጎደለን ጠፈር ብቻ ነው አልኩና «የቀርከሃዋ መርከብ» የሚል ርዕስ ጻፍኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ አሶሳ። ሰሚራ የምትባል ካፒቴን ከቀርከሃ የተሠራች፣ ሽቦዋ ሁሉ ወርቅ የሆነች መርከብ ይዛ፣ ሰዎችን ጦርነት ወደሌለበት ዓለም ታሻግራለች። መርከቧ አማረችልኝ፤ መርከብ ሕንጻ ነዋ። ሰው ጋ ስደርስ ግን ተጨነቅኩ። አስቤ አስቤ መላ አገኘሁ፤ ለሰሚራ የራስ ቁር ደፋሁላት። ለተሳፋሪውም ለሁሉም የራስ ቁር። ፊት የሚባል ነገር ከታሪኩ ጠፋ፤ እኔም ከጭንቀት ዳንኩ። አንድ ክፉ ሰው ያስፈልግ ነበርና እሱን ብቻ ፊቱን ገልጬ፣ መላጣ አድርጌ፣ መነጽር አጥልቄ ሳልኩት። ክፉ ሰው ቢበላሽ ማን ይቆጫል?

ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሐዋ ሠላሳ ቅጂ አባዛችልኝ። ሐዋ የበርታ ተወላጅ ናት፤ ማሽኗ ወረቀት ሲነክስ በበርታ ትሰድበዋለች፣ ሲሠራላት በአረብኛ ታመሰግናለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ወደ አማርኛ ትመለሳለች። እየገለበጠች ጨርሳ አነበበችው።

«መምህር፣ ይሄ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን ሰላት ሲደርስ፣ እዚያ ላይ ሰው ወዴት ዞሮ ይሰግዳል? ቂብላ በየት ነው?»

ይህን አላሰብኩበትም። «ወደ ምድር» አልኳት እንደመጣልኝ።

«ምድር ከታች ነው።»

«እንግዲህ ወደ ታች።»

«እሱ አይከፋም፤ ድሮም ስንሰግድ እንደፋለን» ብላ ወረቀቱን በማሽኑ አናት ላይ ደረደረችልኝ።

የመጀመሪያዋ አንባቢዬ እንዲህ በሰላም አለፈች። ሌሎቹ ግን እንደሷ አልነበሩም። እኔ አንባቢ የሚባለው አንብቦ የሚስቅ ወይም አንብቦ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንባቢ ማለት መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ካጣው ደግሞ ደራሲውን ያስነሣል።

በማግስቱ የፊዚክስ መምህሩ ቀርከሃ ከአየር ሲወጣ እንዴት እንደሚቃጠል በሁለት ገጽ አስልቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። ከታች በቀይ «ሰሚራ አመድ ናት» ብሎ አስምሮበታል። እሱን ሳላገግም ከጎረቤት ወረዳ ከሆሞሻ የመጣች አንዲት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ ሆሞሻ ስንት ጊዜ ነው የወጣችው?»

«የት?»

«መጽሐፉ ላይ። አንድ ጊዜ ነው። ገጽ ስድስት። እሱም አህያ ነው።»

ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። የመንገድ ምልክት ሥዬ ሆሞሻ ብዬበታለሁ፤ ከሥሩ አህያ ቆሟል። ባምባሲን ግን የመርከብ ጣቢያ አድርጌያታለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ በሰሌዳው ላይ በደንብ ስለሚገባ። ይህን ምክንያት ለልጅቷ መንገር አልቻልኩም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ደምስ ነው። ደምስ የእንስሳት እርባታ መምህር ነው፤ በምሳ ሰዓት አንድ ትሪ የምንቆርስ ወዳጄ። ፓዌ ነው የተወለደው። ወላጆቹ በዚያ የረሃብ ዘመን ከወሎ ተጭነው ፓዌ የሰፈሩ ናቸው። ያን ቀን እጁን ታጥቦ ተቀመጠና አልቆርስ አለ።

«ምነው ደምስ?»

«ፓዌ የለችም።»

«ምኑ ላይ?»

«መርከቧ ላይ። ሙሉውን አየሁት። ከፓዌ የሚሳፈር የለም።» ፈገግ አላለም። «አባቴን ሳይጠይቁት ጭነው አመጡት። አንተ ደግሞ ሳትጠይቀን ጥለኸን ትሄዳለህ። ለእኛ ሰው መኪና ያዘጋጀ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አይጠይቅም?»

በሚቀጥለው ቁጥር ፓዌን አስገባለሁ ብዬ ማልኩ። መማሌ ነበር ስህተቱ፤ «የሚቀጥለው ቁጥር» የሚባል ነገር ያኔ ነው የተወለደው።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደብዳቤ መጣ። ስሙን ከማልጠቅሰው ቢሮ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ኃላፊ ዘንድ «ለአስቸኳይ ጉዳይ» እንድቀርብ። ሄድኩ። ሰውየው መጽሐፌን ከፊቱ ዘርግቷል። ጣቱ ክፉው ሰው ላይ ነው።

«ይሄ መላጣ ማን ነው?»

«ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከየትኛው?»

«ስም አላወጣሁላትም።»

«የኔን መነጽር ታዲያ ማን ሰጠው?»

ቀና ብዬ አየሁት። እግዚኦ! መላጣው ያው፣ መነጽሩ ያው፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ የወረዱት ሁለት መስመሮች እንኳ ያው። ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። እናቱን መጋዘን አስመስሎ የሳለ ሰው፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ቁርጥ አድርጎ የሳለው የማያውቀውን የቢሮ ኃላፊ!

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። በመጨረሻ «ጸጉር አብቅልለት» ብሎ አሰናበተኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

«ለመሆኑ መጨረሻው ምን ይሆናል?»

«ይሸነፋል፣ ጌታዬ።»

«ይታሰራል ወይስ ይዛወራል?»

«ይዛወራል» አልኩ።

«ደግ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ የሆነውን ለወዳጆቼ እያወራሁ አስቄበታለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አውርቼው አላውቅም።

አንድ ማለዳ የኮሌጁ ጥበቃ «አንድ ሽማግሌ ከንጋት ጀምሮ ይጠብቁሃል» አለኝ። ሰውየው ከማንጎው ሥር ቆመዋል። የእርዳታ የሆነ ሰፊ ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው ጣታቸውን ውጦታል። መጽሐፌን አራት አጥፈው በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ጋሽ ተሰማ ይባላሉ፤ ከካማሺ በኩል ተፈናቅለው የመጡና ከከተማው ዳር በመጠለያ የሚኖሩ ናቸው። አማርኛቸው አፍ የፈቱበት አይደለም።

«መምህር አንተ ነህ? ዝርዝር የምትጽፍ?»

«የምን ዝርዝር፣ አባባ?»

«የመርከብ።»

ሳቅኩ። ሌላ ሰው ላይ ማላከክ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ይህ እኮ ተረት ነው፣ መርከብ የለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ሳይቆጡ። «እኔ ሞኝ አይደለም። ቀርከሃ አይበርም። ቀርከሃ ስቆርጥ ነው ያረጀሁት።»

«ታዲያ?»

ፌስታሉን ፈትተው የመጨረሻውን ገጽ አወጡ። የራስ ቁር የደፉ ተሳፋሪዎች ተሰልፈዋል፤ የመርከቧ ጸሐፊ ስማቸውን ትመዘግባለች።

«ጎረቤቴ አነበበልኝ። እዚህ ስም ይጻፋል። ታደሰ ነው ስሙ፣ ልጄ። በሞተው ሰው ዝርዝር ፈለግኩ፣ የለም። በታሰረው ፈለግኩ፣ የለም። መጠለያ ሁሉ ዞርኩ፣ የለም። ስሙ የትም አልተጻፈ። አንተ ጻፍልኝ።»

ታደሰ የጠፋው ካማሺ በኩል ወገንና ወገን በተጋደለበት በዚያ ክፉ ጊዜ ነው። መንደራቸው ማክሰኞ ማለዳ ተቃጠለ። ቤተሰቡ ወንዙ ድረስ ሮጠ። ታደሰ «ወይፈኑ በረት ውስጥ ታስሯል፣ ፈትቼው ልምጣ» ብሎ ተመለሰ። ሽማግሌው ወንዙ ዳር ጠበቁት፤ ሌሎቹ ሲሻገሩም ጠበቁት፤ በመጨረሻ ጎረቤቶቻቸው ጎትተው ወሰዷቸው። ወይፈኑ ለብቻው መጣ ይላሉ፤ ገመዱ አንገቱ ላይ ነበር፣ የተፈታ እንጂ የተበጠሰ አልነበረም።

ጋሽ ተሰማ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም። እናንተም አትጠይቁኝ። በዚህ አገር ስም የሰውን ወገን አይናገርም፤ ሁላችንም ስም ተዋውሰናል። ያን ጊዜ ቤቱ ያልተቃጠለበት ወገን ካለም አላውቅም።

እሺ አልኳቸው። አንድ ባለ ራስ ቁር መንገደኛ ሥዬ ከሥሩ «ታደሰ» ብዬ ጽፌ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይሄን ድስት አውልቅለት» አሉኝ።

እንግዲህ መከራዬን አስቡት። ፎቶ የለም፤ ከቤቱ ጋር ነድዷል። ስምንት ቀን ሙሉ ከትምህርት መልስ ማንጎው ሥር ተቀምጠን እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስሥል፣ እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔ ሳጠፋ ሰነበትን። በመጀመሪያው ቀን ታደሰ ወፍጮ ቤት መሰለ። በሦስተኛው ቀን እኔን መሰለ። «ይሄ አንተ ነህ» አሉኝ አዝነውልኝ። በአምስተኛው ቀን ግንባሩ መጣ። በሰባተኛው ቀን «ጆሮው» አሉ፤ «ቀኝ ጆሮው ጫፉ የለም፣ ውሻ ነክሶት።» ቆረጥኩለት። በስምንተኛው ቀን ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን አልነቀነቁም። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወረቀቱን ጠቀለሉበት፤ ሰማዩ አላካፋም ነበር።

ወሬው መጠለያውን አዳረሰ። ሰዎች ይመጡ ጀመር። አንዱ የሰርግ ፎቶ፣ ሌላው በስልኩ የቀረ የደበዘዘ ምስል፣ አንዲቷ መታወቂያ። አንድ ሰው ሸሚዝ ብቻ ይዞ መጣ። «ሸሚዙን ሳልልኝ፣ ውስጡ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ። ሳልኩለት። እጄም ተፈታ፤ በሰው ሐዘን ሰው መሳል ተማርኩ። ይባስ ብዬ ራሴን እንደ ጻድቅ ማየት ጀመርኩ። መንገድ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለኝ እኔም ቀስ ብዬ እንደ ጳጳስ መራመድ አማረኝ። ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ሁሌ ከራሱ በጎነት ጀርባ ነው የሚቆፈረው፤ ይህ የገባኝ ከወደቅኩ በኋላ ነው።

መታወቂያውን ያመጣችው ወይዘሮ አበበች ናት። ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ባለቤቷ ወርቁ ግንበኛ ነበር፤ ያው በዚያ ጊዜ ታጣቂዎች መንገድ ላይ መኪና አስቁመው ገደሉት። እሷም አብራው ተሳፍራ ነበር፤ እንዴት እንደተረፈች አትናገርም።

«ክራቫት አድርግለት» አለችኝ።

«ክራቫት ያደርግ ነበር?»

«አንድ ቀን አድርጎ አያውቅም። ጠፈር ድረስ ከሄደ ግን ይገባዋል።»

አደረግኩለት። ሁለተኛው ቁጥር ተሠራ። ፓዌ ገባች፤ ሆሞሻም ያለ አህያ ገባች። ክፉው ሰው ጎፈሬ አበቀለ። መካከለኛው ገጽ ላይ የመርከቧ ውስጥ ይታያል፤ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ያለ ራስ ቁር፣ እያንዳንዳቸው ከነስማቸው ተቀምጠዋል። ጥሩ የወጡልኝን ሁለቱን፣ ታደሰንና ወርቁን፣ ከፊት በመስኮቱ በኩል ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሥዕል ሕግ ጥሩ የወጣ ነገር ከፊት ይቀመጣል። ከዚያ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ ሐዋ ቤት ቅጂዎቹን ላድል ቆምኩ። ጋሽ ተሰማ ቀድመው መጥተው ጥግ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገጹን ገልጠው ልጃቸውን ያያሉ። ወይዘሮ አበበች ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ በርበሬዋን ለጎረቤት አደራ ብላ እየተጣደፈች ገባች። ሰጠኋት። ክራቫቱን አየችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ይሄ ማን ነው?»

«የቱ?»

«ከወርቁ አጠገብ ያለው።»

«ታደሰ ይባላል። የጠፋ ልጅ ነው።»

«ይሄ ጆሮ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ይሄን ጆሮ አውቀዋለሁ። መኪናውን ሲያስቆሙ ከነሱ ጋር ቆሞ ነበር። በመስኮቱ በኩል እዚህ ጋ፣ ይሄን ያህል ቀርቤ አየሁት።» እጇን ከፊቷ ፊት አቆመች። «ከባሌ ጎን አስቀመጥከው? እጁስ የት ነው? እጁን ከወርቁ ጀርባ ምን ያደርጋል?»

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እጅ መሳል ስለምፈራ ነው። ጣት አምስት መሆኑ ብቻ ያስፈራኛል። የልጁን ግራ እጅ ከወርቁ ትከሻ ኋላ ደብቄው አለፍኩ። ይህንን ለዚያች ሴት እንዴት አድርጌ ልንገራት? ሐዋ ማሽኑን አጠፋችው።

ጋሽ ተሰማ ከዱካው ተነሡ። ሁሉንም ሰምተዋል። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ ይምላሉ፣ «ልጄ አይደለም» ይላሉ ብዬ ነበር። ቀረብ አሏትና፣

«ያ ቀን ምን ቀን ነበር?» አሏት።

የልጁ አባት መሆናቸው ገባት። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። «ዓርብ» አለች።

«ዓርብ?»

«ዓርብ። መንደሮቹ በተቃጠሉበት በዚያው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከእጅጌው ውስጥ አውጥተው በጣታቸው ቆጠሩ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።

«ዓርብ ልጄ በሕይወት ነበር?»

ውጭ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሰው በቲማቲም ዋጋ ይከራከራል። ወይዘሮ አበበች ራሷን ነቀነቀች። አዎ፣ በሕይወት ነበር።

«ቁስል ነበረው?»

«አላየሁበትም።»

«ምን ይዞ ነበር? ዱላ? ጠመንጃ?»

«እጁን አላየሁም። ፊቱን ነው ያየሁት። ያለቅስ ነበር ወይም አቧራ ገብቶበት ነበር። አላውቅም» አለች።

ጋሽ ተሰማ ተመልሰው ተቀመጡ። እሷም አልጮኸችም። መጽሐፉን እመካከለኛው ገጽ ላይ ከሁለቱ ሰዎች መሃል አጠፈችው፤ ወርቁ በወዲህ፣ ልጁ በወዲያ ሆነ። በጥፍሯ አጥፋቱን ደጋግማ ጫነችው። ሽርጧ ውስጥ ከታ ወጣች።

«መምህር» አሉኝ ሽማግሌው፣ እሷ ከሄደች በኋላ። «ልጄን አውጣው። እሷ የሞተባት ነው። የሷ ሰው ይቀመጥ።»

«አባባ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ሦስት ቀን አገኘሁ» አሉ። «ማክሰኞ ሞተ ብዬ ነበር።»

የቀሩትን ቅጂዎች ሰብስቤ ወጣሁ። ሐዋ «መምህር፣ ይሄ ማሽን ሰው አያባዛም ከእንግዲህ» አለችኝ፤ የማሽኑን ነገር እየተናገረች እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ላጲስና እርሳስ ይዤ ያቺን ገጽ ከፊቴ አደርጋለሁ። ቤት አፍርስ ብትሉኝ አፈርሳለሁ። ያንን ጆሮ ግን በላጲስ መንካት አቃተኝ። ስምንት ቀን የፈጀ ጆሮ ነው። ደግሞ እንደነበረ እንዳልተወው፣ የሴትየዋ ጥፍር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ጓደኞቼ «ሦስተኛው ቁጥር መቼ ነው?» ሲሉኝ ቀለም አልቋል እላለሁ። የቢሮው ኃላፊ ሳይቀር በሰው በኩል፣ ጎፈሬው እንዳማረበትና ዝውውሩ ወዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።

በዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ አበበች ኮሌጁ ድረስ መጣች። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር። ከበሩ አላለፈችም።

«አወጣኸው?»

«ገና ነኝ።»

«ሽማግሌው አውጣው አሉህ?»

«አዎ።»

ደረጃው ላይ ያለውን የጠመኔ አቧራ በጫማዋ ጫፍ ጠረገች። በእነዚያ ቀናት አልተኛችም መሰለኝ፤ ዓይኗ ያበጠ ነበር።

«አውጣው አልልህም» አለች። «ከወርቁ አጠገብ ግን አይቀመጥ። ኋላ በሩ ጋ አድርገው። እጁን ደግሞ አውጥተህ ሳለው። ሁለቱንም። ያን ቀን አላየሁትም፣ ልየው።»

«ምን ይያዝ?» አልኳት። ከሞኝነቶቼ ሁሉ ይኼኛው ይበልጣል።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አባቱን ጠይቅ» ብላ ወደ በርበሬዋ ሄደች።

ጋሽ ተሰማን ጠየቅኳቸው። «ሥራ የሚወድ ልጅ ነው፤ እጁ ባዶ ሆኖ አላውቅም» አሉ። «ያን ቀን ምን እንደያዘ እኔም አላውቅም። ባዶ አድርግ። ሌላ ካለ፣ እሱ መጥቶ ይናገር።»

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ እጅ መሳል ጀመርኩ። ሣር መሰብሰቢያ ሬክ የመሰለ እጅ፣ ሹካ የመሰለ እጅ፣ የሙዝ ዘለላ የመሰለ እጅ እያልኩ አንድ ደብተር ጨረስኩ። በመጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቱ ላይ የዘረጋ ልጅ ወጣልኝ። ሰው መሰለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሥዬ አላውቅምና እየሮጥኩ መጠለያው ድረስ ወሰድኩላቸው።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይፍቃሉ። ፍቀቱን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በኮታቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ረጅም ጊዜ አዩት። የራሳቸውን መዳፍ ከሥዕሉ አጠገብ ዘረጉ፣ አስተያዩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ትልቅ ሆነ። ይሄ የኔ እጅ ነው። የሱ ትንሽ ነበር፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።»

ላጲሴን አውጥቼ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሳነስኩት።